ሁለት ወረቀት፣ አንድ ቅኝት፦ የ«ፒንክ ሙን» ጊታር

ጥያቄ፦ «የእንግሊዛዊውን ዘፋኝ የኒክ ድሬክን “ፒንክ ሙን” የተባለ ዘፈን በአኩስቲክ ጊታር ልጫወት እየሞከርኩ ነው። ክሮቼ 12–53 ናቸው (ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ክር ያለው ውፍረት፣ በኢንች ሺኛ)። በተለመደው ቅኝት ዲ፣ ጂ እና ኤ ኮርዶችን ስይዝ ዜማው ይሄዳል፣ ድምፁ ግን የሌላ ዘፈን ነው። አንድ ወረቀት “ሲ ጂ ሲ ኤፍ ሲ ኢ፣ ካፖ 2ኛ ፍሬት” ይላል፤ ሌላው “ዲ ኤ ዲ ጂ ዲ ኤፍ ሻርፕ” ይላል። በመጀመሪያው ስቃኝ ወፍራሙ ክር ዝዝ ይላል፤ በሁለተኛው ስሞክር ሁለተኛው ክር ተበጠሰብኝ። ትክክሉ የትኛው ነው? አልበሙ ላይስ ያለው ጊታር አንድ ነው ወይስ ሁለት?»

ምላሽ፦ ሁለቱም ወረቀቶች ትክክል ናቸው፣ የሚናገሩትም ስለ አንድ ቅኝት ነው። የመጀመሪያው ካፖው፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ አንገቱ ላይ አንድ ቦታ አጥብቆ የሚይዘው መቆንጠጫ፣ ከመግባቱ በፊት ክሮቹ ባዶአቸውን ሲመቱ የሚሰጡትን ይጽፋል፤ ሁለተኛው ካፖው ከገባ በኋላ ጆሮ የሚሰማውን። ሁለተኛ ፍሬት (አንገቱን የሚያቋርጠው ሁለተኛ የብረት መሥመር) ላይ የገባ ካፖ እያንዳንዱን ክር በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል፦ ሲ ዲ ይሆናል፣ ጂ ኤ፣ ኤፍ ጂ፣ ኢ ደግሞ ኤፍ ሻርፕ። (የኖታ ስሞችን በፊደል አጠራራቸው ነው የምጽፋቸው። ሲ ስል ዶን ማለቴ ነው፤ በዶ ሬ ሚ ቆጠራ ያለው «ሲ» እዚህ ቢ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።)

ክርዎ የተበጠሰው ሁለተኛውን ወረቀት ያለ ካፖ በመቃኛው ብቻ ሊደርሱበት ስለሞከሩ ነው። እንደዚያ ሲሆን ሁለተኛው ክር (ክሮች ከቀጭኑ ይቆጠራሉ፣ ስድስተኛው ወፍራሙ ነው) ከቢ ተነሥቶ እስከ ዲ ሦስት ግማሽ ድምፅ መውጣት አለበት። የክር ውጥረት ከንዝረቱ ድግግሞሽ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ሦስት ግማሽ ድምፅ ማለት 41 በመቶ ተጨማሪ ውጥረት ነው። ይህ ክር፣ በጥቅልዎ ባለ 16ቱ፣ አዲስ ከሆነ ምናልባት ይችለው ይሆናል፤ ጥቂት ወር ያገለገለ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ መቃኛው አጠገብ ወይም ብሪጁ (ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የሚታሰሩበት ቁራጭ) ላይ ይለቃል። በመጀመሪያው ወረቀት መንገድ ይኸው ክር የሚወጣው አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፣ ከቢ ወደ ሲ። ያ 12 በመቶ ገደማ ስለሆነ ደኅና ይሸከመዋል።

አልበሙ ላይ ሁለት ጊታር የለም። አልበሙ፣ እሱም እንደ ዘፈኑ «ፒንክ ሙን» የሚባለው፣ በኦክቶበር 1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ቼልሲ ውስጥ፣ ድሮ የወተት ቤት በነበረው የሳውንድ ቴክኒክስ ስቱዲዮ፣ በሁለት ሌሊት የተቀረጸ ነው። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ዘፋኙና የድምፅ ባለሙያው ጆን ዉድ ናቸው። ከዚያ በፊት በወጡት ሁለት አልበሞች ላይ የክር ኦርኬስትራ፣ ቤዝና ከበሮ ነበረ፤ እዚህ ሁሉም ቀርቷል። 11 ዘፈን፣ 28 ደቂቃ፣ አንድ ድምፅና አንድ ጊታር። በኋላ በላዩ የተጨመረው ብቸኛ ነገር በርዕስ ዘፈኑ መሃል የምትሰማው አጭር የፒያኖ ሐረግ ነች፤ እሷንም የተጫወታት ራሱ ድሬክ ነው። አይላንድ ሬከርድስ አልበሙን ያወጣው ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1972 ነው፤ ያኔ ገዢው እጅግ ጥቂት ነበር። ድሬክ በ1974፣ በ26 ዓመቱ ሞተ። ዘፈኑን ብዙ ሰው ያወቀው በ1999 መጨረሻ አንድ የመኪና ማስታወቂያ ላይ ከተሰማ ወዲህ ነው። ስለ ሐዘኑ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ክር ለመቃኘት ግን አይረዳም፣ እናልፈዋለን።

አንዱ ጊታር ሁለት የሚመስለው ከቅኝቱ የተነሣ ነው። በተለመደው ቅኝት ዲ ኮርድ ሲይዙ አውራ ጣትዎ የሚያገኘው ዝቅተኛ ዲ አራተኛው ክር ላይ ነው፤ ስድስተኛው ጨርሶ አይመታም። በዚህ ቅኝት ግን ስድስተኛው፣ አራተኛውና ሁለተኛው ክር አንድ ኖታ ናቸው፣ በሦስት ኦክታቭ (በሦስት የከፍታ ደረጃ) የተደረደሩ። ካፖው ሲገባ ሦስቱም ዲ ይሆናሉ። የታችኛው ዲ 73 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ከለመዱት ኮርድ ዝቅተኛ ዲ አንድ ሙሉ ኦክታቭ ይወርዳል። የእርስዎ ዲ፣ ጂ፣ ኤ ትክክለኛ ሆነው ሳለ ሌላ ዘፈን የመሰሉት ይህ ወለል ስለሌላቸው ነው። በስልክ ድምፅ ማጉያ ከሆነ የሚያዳምጡት ይህን ዲ አያገኙትም፣ ትንሹ ማጉያ እስከዚያ አይወርድም። በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት።

ክራር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። ከትዝታ ወደ ባቲ ሲኬድ ክሩ ይቃኛል፣ እጅ ከዚያ በኋላ ነው የሚሠራው። ጊታር ላይ ግን ቅኝቱን ትተን በጣት ልናካክሰው እንሞክራለን፣ አንዳንዴም ይሳካል። የድሬክ «ሪቨር ማን» ለምሳሌ በተለመደው ቅኝት፣ በሦስተኛ ፍሬት ካፖ ነው የሚሠራው፤ የዚያ ዘፈን ምስጢር አምስት አራተኛ፣ ማለትም በአምስት የሚቆጠር፣ ምቱ ነው። ስለዚህ «የድሬክ ዘፈን ሁሉ እንግዳ ቅኝት ነው» የሚለውን አይመኑ። «ፒንክ ሙን» ላይ ግን ያለ ቅኝቱ አይኬድም።

አሁን ወደ መቃኛው። ቲዩነርዎ፣ የክሩን ኖታ የሚያሳየው መሣሪያ፣ «ጊታር» በሚል ሁኔታ ላይ ከሆነ ሁልጊዜ ወደ ቅርቡ የተለመደ ኖታ ይጎትትዎታል፤ ሁሉንም ግማሽ ድምፅ ወደሚያሳየው ሁኔታ፣ ክሮማቲክ ወደሚባለው ይቀይሩት። ካፖውን አውልቀው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

6ኛው ክር ከኢ ወደ ሲ፣ አራት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች (65.4 ኸርዝ)
5ኛው ከኤ ወደ ጂ፣ ሁለት ወደ ታች (98)
4ኛው ከዲ ወደ ሲ፣ ሁለት ወደ ታች (130.8)
3ኛው ከጂ ወደ ኤፍ፣ ሁለት ወደ ታች (174.6)
2ኛው ከቢ ወደ ሲ፣ አንድ ወደ ላይ (261.6)
1ኛው ኢ እንዳለ (329.6)

የሚላሉትን አስቀድመው የሚወጠረውን መጨረሻ ያድርጉ። እያንዳንዱን ክር ሲያወርዱ ከሚፈልጉት ኖታ ትንሽ አሳልፈው ዝቅ ያድርጉትና ወደ ላይ እየወጠሩ ይድረሱበት። ከላይ ወርዶ የቆመ ክር መቃኛው ጥርስ ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ሦስት ጊዜ ሲመቱት ይወርዳል።

አንድ ዙር ሲጨርሱ የመጀመሪያው ክር፣ ያልነኩት ኢ፣ ከፍ ብሎ ያገኙታል። ቲዩነሩ አልተሳሳተም። የ12–53 ክሮች በተለመደው ቅኝት አንገቱን በጠቅላላ ወደ 74 ኪሎ ግራም ገደማ ይጎትቱታል፤ በዚህ ቅኝት ወደ 62 ይወርዳል። አንገቱ 12 ኪሎ ሲቀልለት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያልተነካውንም ክር ይወጥረዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር ግድ ነው። አምስት ደቂቃ ቆይተው ሦስተኛ ዙር ቢጨምሩም አይበዛም።

ካፖው ከገባ በኋላ እንደገና ይፈትሹ። ካፖ የላላ ክርን ከጠበቀው ይልቅ አብልጦ ያጣምማል፣ ስለዚህ ስድስተኛው ዲ ከፍ ብሎ ይመጣል። ካፖውን ፍሬቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያስጠጉት፤ መሃል ላይ ከገባ የበለጠ ያጣምማል። ጉልበቱን የሚቆጣጠሩበት ብሎን ያለው ዓይነት ከሆነ ክሮቹ ጥርት ብለው እስኪሰሙ ብቻ ያጥብቁት።

ዝዝ የሚለው ወፍራም ክርዎ ሁለት ምክንያት አለው፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። አንደኛው ክሩ ራሱ ነው። ከኢ ወደ ሲ ሲወርድ ውጥረቱን 37 በመቶ ያጣል፤ ሌሎቹ ሦስት የወረዱ ክሮች የሚያጡት እያንዳንዳቸው 21 በመቶ ገደማ ነው። የላላ ክር ሲመታ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ፍሬቶቹንም ይነካል። ሁለተኛው ከላይ ያልኩት አንገት ነው፤ ወደ ኋላ ሲመለስ በክሩና በፍሬቶቹ መካከል የነበረው ስስ ክፍተት ይጠፋል።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጊታሩን በዚህ ቅኝት እንዳለ ይያዙት። ካፖውን ወደ መጀመሪያው ፍሬት ይውሰዱ። በቀኝ እጅዎ ስድስተኛውን ክር አንገቱ ከሳጥኑ የሚገናኝበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ 14ኛው ፍሬት ላይ ይጫኑት። አሁን ክሩ የተዘረጋ ማስመሪያ ሆኗል። 6ኛውና 7ኛው ፍሬት አካባቢ በጎን ይመልከቱ፦ በክሩና በፍሬቱ አናት መካከል ብርሃን መታየት አለበት። ተራ የስም ካርድ፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ክሩን ሳያነሣ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ወይም ገጥሞ ሲገባ ደኅና ነው። ክሩ ፍሬቶቹ ላይ ተኝቶ ካገኙት ጥፋተኛው አንገቱ ነው። ክፍተቱ ካለና ጊታሩ አሁንም ዝዝ የሚል ከሆነ ደግሞ 12ኛው ፍሬት ላይ በስድስተኛው ክር ሥር ያለውን ከፍታ ይለኩ፤ ከ2.4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ለዚህ ቅኝት ዝቅ ይላል፣ 2.8 አካባቢ ይመቻል።

አንገቱ ከሆነ በውስጡ ያለውን ብረት ማላላት ይቻላል፦ ልኩ በሆነ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ በሰዓት ተቃራኒ አቅጣጫ፣ አንድ ስምንተኛ ዙር፣ ከዚያም እስከ ማግስቱ መጠበቅ። ግን ይህን የምመክረው ጊታሩን ለዚህ ቅኝት ብቻ ለሚተው ሰው ነው። እርስዎ ወደ ተለመደው ቅኝት የሚመላለሱ ከሆነ ብረቱን አይንኩ፤ ሲመለሱ አንገቱ ከልክ በላይ ይጎብጣል። ለእርስዎ የሚሻለው ክር መቀየር ነው።

አንድ የ13–56 ጥቅል ይግዙ፣ ከእሱ ወፍራሞቹን አራት ብቻ ይጠቀሙ፤ አንደኛውና ሁለተኛው ከለመዱት ከ12–53 ጥቅል ይሁኑ። ባለ 56ቱ ክር ሲ ላይ የሚያጣው 30 በመቶ ገደማ ነው። ለብቻው የሚሸጥ ባለ 59 ካገኙ ጉድለቱ ወደ 22 ይወርዳል፣ ማለትም ስድስተኛው ከሌሎቹ ሦስቱ ጋር ይስተካከላል። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ይከፈላል፦ መቃኛዎቹ አጠገብ ክሩ የሚያልፍበት ነጭ ቁራጭ ላይ ያለው ቦይ ለ53 የተቆረጠ ስለሆነ ባለ 59ኙ ይጣበቅበታል። ሲቃኙ «ጢን» ብሎ በድንገት የሚዘል ኖታ ከሰሙ ይህ ነው። እርሳስ ስለው ቦዩን ማጥቆር ለ56 ይበቃል፤ ለ59 ግን በቀጭን ሞረድ ማስፋት ያስፈልጋል፤ ሥራው ጊታር ለሚጠግን ሰው ቢተው ይሻላል። አንዴ ከልክ በላይ ከወረደ ቁራጩን መቀየር ነው።

ክሩን በጣም አያወፍሩት የምለው ለዚህ ብቻ አይደለም። በአልበሙ ላይ የምንሰማው ልስላሴ የላላ ክር ድምፅ ነው። ባዶውን በዲ የተቃኘ ጠንካራ ክርና በሲ ተቃኝቶ በካፖ ዲ የሆነ ክር አንድ ኖታ ቢሰጡም አንድ ድምፅ የላቸውም። ለዚህም ነው ካፖ ያለውን ወረቀት የምመርጠው። አዲስ የነሐስ ክርም ለዚህ ዘፈን ይበዛበታል፤ ያበራል። ሁለት ሦስት ሳምንት የተመታ ክር ይቀርበዋል።

ካፖ ጨርሶ ከሌለዎት በሁለተኛው ወረቀት መሥራት ይቻላል፣ ግን ክሮቹን መቀያየር አለብዎት፦ በሁለተኛው ቦታ ባለ 13፣ በአንደኛው ቦታ ባለ 10 ወይም 11። ስድስተኛው ወደ ዲ ብቻ ስለሚወርድ ዝዝታው ይቀንሳል፤ አምስተኛ፣ አራተኛና ሦስተኛ እንዳሉ ይቀራሉ። ልስላሴው ግን አብሮ ይሄዳል። አጭር አንገት ያለው የጉዞ ጊታር ወይም የናይለን ክር ጊታር ይዘው ከሆነ ደግሞ ሲ ላይ ስድስተኛው ገመድ ይሆንብዎታል፤ ለእነሱ ይህ የሁለተኛው ወረቀት መንገድ ይሻላል። ለናይለን ሲሆን የብረት ክር እንዳያስሩበት፤ ብሪጁን ይነቅለዋል።

ግራ እጅ። ፍሬቶቹን ከካፖው ጀምረው ይቁጠሩ፣ የኮርድ ስሞችንም ካፖ እንደሌለ አድርጌ እጠራለሁ። ክሮቹን ሁሉ ባዶ ቢመቱ ንጹሕ ኮርድ አያገኙም፤ ሦስተኛው ክር ኤፍ ነው፣ አንደኛው ኢ፣ አብረው ሲሰሙ ለኦክታቭ ግማሽ ድምፅ የጎደለው መፋተግ አለ። ያንን መፋተግ ይውደዱት፣ የዘፈኑ ቀለም እሱ ነው። ሦስተኛውን ክር 2ኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ሲይዙ ኤፍ ጂ ይሆናል፣ ሁሉም ይጠራል፣ ሲ ሜጀር ይቆማል። መኖሪያዎ ይህ ነው። ባዶውን መትተው ክሩ እየጮኸ ሳለ ጣትዎን እንደ መዶሻ ሦስተኛው ክር ላይ ያሳርፉ፤ መፋተጉ ሲፈታ ይሰሙታል። ይህን ሃያ ጊዜ ይሥሩ፣ ድምፁ ከመፋተግ ወደ ጥራት ሲሻገር ምቱ ሳይቆም።

ከዚያ ሦስተኛውን እንደያዙ አምስተኛውን ክር 2ኛው ፍሬት ላይ ይጨምሩ፣ ስድስተኛውን አይምቱ፦ ኤ ማይነር ሰባት። አሁን ሦስተኛውን ይልቀቁና አምስተኛውን ብቻ ይያዙ፦ ኤፍ ሜጀር ሰባት፣ ኤ ከሥሩ ሆኖ። በሁለት ጣት ሦስት ኮርድ። ለጂ ደግሞ አራተኛ፣ ሦስተኛና ሁለተኛ ክሮችን 2ኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ተኝተው ይያዙ፣ አምስተኛውን ባዶ፣ አንደኛውን 3ኛው ፍሬት ላይ፤ ሜጀርም ማይነርም ያልሆነ ክፍት ኮርድ ነው፣ ሦስተኛ ድምፁ የለም። እነዚህን ሲጨብጡ ቀሪውን በጆሮዎ ከቀረጻው ያገኙታል፣ ወረቀት ላይ ካለ የኮርድ ስም በላይ ያ ያስተምራል።

ቀኝ እጅ ላይ የሚታየው ስሕተት አንድ ነው፦ ጉልበት። የላላ ክር በኃይል ሲመታ መጀመሪያ ከኖታው በላይ ይዘላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ቲዩነሩ ላይ ስድስተኛውን ጠንክረው ቢመቱ መርፌው ወደ ቀኝ ዘልሎ ሲመለስ ያዩታል። ስለዚህ ሲቃኙ በሚጫወቱበት ልክ ይምቱ፣ የጮኸውም ረገብ ሲል ያንብቡ። መምቻውን ፕላስቲክ ያስቀምጡት። ባሱን በአውራ ጣት ሥጋ፣ ላይኞቹን በጠቋሚ ጣት ጠረግ እያደረጉ፤ እጅዎ ከድምፅ ቀዳዳው ወደ ብሪጁ ሁለት ጣት ያህል ጠጋ ቢል ባሱ ቅርጽ ይይዛል። አውራ ጣቱ እንደ ሰዓት መሄድ አለበት፤ ድምፁ ሲገባ አብሮት መዘግየት ይከጅላል። ድሬክ ላይ ዘፈኑ ከምቱ ኋላ ይንጠለጠላል፣ ጊታሩ ግን አይጠብቀውም። ሁለቱን ለመለያየት መጀመሪያ በሜትሮኖም፣ ምት በሚቆጥረው መሣሪያ፣ ጊታሩን ብቻ፣ ቀጥሎ ጊታሩን እየመቱ ግጥሙን እንደ ወሬ መናገር፣ መጨረሻ ላይ መዝፈን።

ድምፅዎ ለዲ ካልተመቸ ቅኝቱን አይንኩ፣ ካፖውን ያንቀሳቅሱ። ያለ ካፖ ሲ፣ 4ኛ ፍሬት ላይ ኢ፣ 5ኛ ላይ ኤፍ። ለሴት ድምፅ 5 እና 7 መካከል ብዙ ጊዜ ይስማማል፤ ከ7 በላይ ግን ያ የታችኛው ወለል ይጠፋል። የፒያኖዋን ሐረግ ብቻዎን ሲጫወቱ በጊታር ለመተካት አይድከሙ፤ ምቱን ይዘው ማለፍ ይበቃል።

መቅረጽ ካሰቡ አንድ ማይክ ለጊታሩ፣ 12ኛው ፍሬት አቅጣጫ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይበቃል። ወደ ቀዳዳው ቀጥታ ካዞሩት ይህ ቅኝት ያለው ባስ ሁሉ እንደ ጎርፍ ይገባል። ጊታሩን ሁለት ጊዜ ቀርጸው አይደራርቡ፤ የላሉ ክሮች ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ኖታ አይሰጡም፣ ድርቡ ይሸረካከታል። ማስተጋቢያም በጥቂቱ።

ወደ ተለመደው ቅኝት ሲመለሱ ሁለተኛውን ክር መጀመሪያ ያውርዱ፣ ከሲ ወደ ቢ። ሌሎቹን ወጥረው ከጨረሱ በኋላ ለማውረድ ካስቀመጡት፣ በመሃሉ አንገቱ ሲታጠፍ የተዛባውን ሁሉ እንደ አዲስ ይቃኙታል። ከዚያ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ በመጨረሻ ስድስተኛ፤ ባለ 56 ካሰሩ ኢ ላይ ሲደርስ ጠንከር ይልብዎታል፣ ያ የሚጠበቅ ነው። ጊታሩን ለሳምንታት የማይነኩት ከሆነ በሲ ላይ ትተውት ቢያድር አይጎዳውም።